የማያውቀኝ የነፍስ አባት

ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ኃጢአቷን የምትናገር ልጅ የሆንሁት በእናቴ ምክንያት ነው። ትፈልጊያለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ጣሊያን ጎንደር በገባ በሁለተኛው ዓመት እናቴ ከካቶሊኮቹ ሚሲዮን ልብስ አጣቢ ሆና ገባች፤ ስድስት ወር ሳይሞላ እሷም እኔም ካቶሊክ ሆንን። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። አባቴ ከዚያ ቀደም ብሎ ወደ ቆላ ድባ እህል ሊሸምት ወርዶ ንዳድ ይዞት ሞቷል። የምንኖረው በእህቱ ግቢ፣ ከእሷ ቤት ጋር ግድግዳ በምትጋራ አንዲት ክፍል ውስጥ ነበር።

አክስቴ ነገሩን ባጭሩ ጨረሰችው። «ለሳሙና ብላ ሃይማኖቷን ለወጠች» አለች። እናቴ ሰምታ ልብሷን ማጠፏን ቀጠለች። እኔን ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ምክንያቱም አንዲት ቁራጭ ሳሙና ከዚያ ግቢ ወጥታ ቤታችን ገብታ አታውቅም።

የነፍስ አባትን ነገር ሳልናገር የኔ ንዴት ለማንም አይገባውም። በኛ አገር የነፍስ አባት የቤት ሰው ነው። የአባቴና የአክስቴ የነፍስ አባት ከአንገረብ ወንዝ ማዶ የሚኖሩ ሽማግሌ ቄስ ነበሩ። በዓል ሲሆን ይመጣሉ፣ ከመደቡ ላይ ይቀመጣሉ፣ ማን ከማን እንደ ተጣላ ሳይነገራቸው ያውቁታል። ባልና ሚስት ያስታርቃሉ፤ ሰው ሲታመም መስቀላቸውን ይዘው ከራስጌው ይገኛሉ፤ ሲሞት ይፈቱታል። አንድ ጊዜ የንስሐ ልጃቸው ከሆንሽ ታጥቦ የሚለቅ ነገር አይደለም። እናቴም አባቴን ስታገባ ከሌላው ነገር ሁሉ ጋር እሳቸውንም ተቀብላ ነበር።

እንግዲህ እኔ በልጅ አእምሮዬ ያሰብሁት እንዲህ ነው፤ እናቴ ካቶሊክ ስትሆን የነፍስ አባት ለወጠች። አዲሱ ፂማሙ ፈረንጅ አባ ነው። እኔ ኃጢአቴን እነግረዋለሁ፣ እሱ ደግሞ ያለበትን ግዴታ ይወጣል።

የሚያስተምረን ከሐማሴን የመጣ ቀጭን ሰው ነበር፤ አማርኛውን ሲናገር ቃሉን አንድ በአንድ ያስቀምጠዋል። «ኑዛዜ እንደ ፊት መታጠብ ነው» ይለናል። «የታጠበ ሰው አንድ ጊዜ ታጥቤያለሁ ብሎ ዓመት አይቀመጥም። ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣላችሁ። ዓርብ ማታ ሳምንቱን ታስታውሱታላችሁ፤ ምን እንዳደረጋችሁ፣ ስንት ጊዜ እንዳደረጋችሁ።»

«ትልልቆቹስ?» አልሁት።

«ማናቸው ትልልቆቹ?»

«ጣሊያኖቹ። እነሱም ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ?»

ፊቱ ጠቆረ። «አንቺ የራስሽን አስቢ» አለኝ። ያን ጊዜ ነው ይህ ነገር እኩል እንዳልሆነ የገባኝ። ቆይቼም በዓይኔ አየሁት። እኛ ልጆችና አጣቢዎቹ ሴቶች ከድንጋዩ ወለል ላይ ተንበርክከን ተራ ስንጠብቅ፣ የጣሊያኑ ሹም ጫማውን እያንቋቋ ሲገባ ሰልፉ ለሱ ይከፈታል። እሱም በዓመት አንዴ፣ ለፋሲካ ነው የሚመጣ። ያገራችንን ቤት ሲያቃጥሉ የከረሙት ባንድ ቀን ጨርሰው ሲወጡ፣ የሰው በቆሎ የሸለቀቅሁት እኔ ከሳምንት ሳምንት እመላለሳለሁ።

ኃጢአት መቁጠሩም ሌላ መከራ ነው። ፊደል ገና ያልለየሁ ልጅ ስለነበርሁ መጻፍ አልችልም። ስለዚህ የነጠላዬን ዘርፍ መቋጠር ጀመርሁ። ስዋሽ አንድ ቋጠሮ፣ ስሳደብ አንድ፣ ስማታ ሁለት። ሸጋ ዘዴ መስሎኝ ነበር። አንድ ዓርብ ግን እናቴ ነጠላዬን አጥባ አሰጣችው። የልብስ አጣቢ እጅ ነውና ቋጠሮ ሲያይ አያልፍም፤ አንድ በአንድ ፈትታዋለች።

«እማ፣ ኃጢአቴን ፈታሽው» ብዬ አለቀስሁ።

«እንኳን ፈታሁልሽ። ነገ ከአባ ጋር ልትቆሚ አይደል? ቀድሜ አቀለልሁልሽ» አለችና ሳቀች። እናቴ የሳቀችበት ቀን ጥቂት ስለሆነ አልረሳውም።

ቅዳሜ ቀርቤ «አባ ይፍቱኝ» አልሁ። በመካከላችን እንደ ወንፊት የተበሳሳ እንጨት አለ፤ ከወዲያ የሚታየኝ ፂምና የጆሮ ጫፍ ብቻ ነው። «የአክስቴን ልጅ ሰደብሁ» ስል «ስንት ጊዜ?» አለኝ። ቋጠሮው የለም። «የጧቱን ነው የማታውን?» አልሁት። ከወዲያ በኩል ሳል ይሁን ሳቅ ያልለየሁት ድምፅ ሰማሁ። አምስት አባታችን ሆይ ሰጠኝ።

የሚሰጠንን ቀኖና ለሌላ ሰው መናገር ክልክል ነበር። እኛ ግን ከቤተ ክርስቲያኑ ኋላ ተሰብስበን እናወዳድራለን። አንድ ቀን ከአንዲት ልጅ ጋር በቅዳጅ ጨርቅ ተጣላን፤ እሷ ቧጨረችኝ፣ እኔ በጥፊ መታኋት። ለእሷ ሁለት፣ ለእኔ ስምንት። ጉንጬን ለአስተማሪው አሳየሁት። «ይኸው ደሜ፤ የሷ ደም አልፈሰሰ። ምነው ለሷ ሁለት ለኔ ስምንት?»

«ቀኖና አይወዳደርም» አለኝ።

«ፍርድ ካልተወዳደረ በምን ይታወቃል ልክነቱ?»

ከዚያ በኋላ ከሰልፉ መጨረሻ አቆመኝ።

ሰፈር ስገባ ደግሞ ሌላ አለ። የሰፈሩ ልጆች «ፀረ ማርያም» እያሉ ይከተሉኛል። ይህ ስድብ ከጣሊያን በፊት የነበረ የጎንደር ሰው ለካቶሊክ የያዘው ስድብ ነው፤ የማርያም ጠላት ማለት ነው። «ዛሬ ብቻ አሥር ጊዜ ለማርያም ሰላም ብያለሁ፤ እናንተ ስንት ብላችኋል?» እላቸዋለሁ። ድንጋይ ይመልሱልኛል። እኔም አነሳለሁ። ያው ለሚቀጥለው ቅዳሜ ይሆናል።

እውነቱን ልናገር፤ ልማዱ ያዘኝ። እየተነጫነጭሁ ያዘኝ። እጄን ለጥፊ ሳነሳ ቋጠሮው ትዝ ይለኛል፤ አንዳንዴ እጄን አወርዳለሁ፣ አንዳንዴ እያወቅሁ እሰነዝራለሁ። የአክስቴን ዶሮ በድንጋይ መትቼ እግሯን ሰብሬ ቀበሮ ነው ያልሁ ጊዜ፣ አክስቴ ምንም ሳትጠረጥር አምናኝ ሳለ ሦስት ቀን ምግብ አልወርድልኝ አለ። ቅዳሜን ጠብቄ ነገርሁት። «ለአክስትህ ንገር» አለኝ፤ እኔን አንተ ነበር የሚለኝ፤ ሴትና ወንዱን መለየት አልሆነለትም። ነገርኋት፣ ተገረፍሁ፣ በላሁ፣ ተኛሁ። ስለዚህ ያ ሰው የነፍስ አባቴ ነው ብዬ አመንሁ። ሌላ ማንም ሰው ያንን ሁሉ የሚያውቅብኝ የለም።

ሁለተኛው ክረምት፣ ሐምሌ ላይ እናቴ ታመመች። ትኩሳቱ በመጀመሪያው ቀን ጉንጯን አቀላው፤ በአራተኛው ቀን ከንፈሯን አደረቀው። አምስተኛው ቀን ማክሰኞ ነበር። ጧት እጄን ይዛ «አባን ጥሪልኝ» አለች።

«የቱን?»

«የኔን። የምነግረውን። የጀመርሁት ነገር አለ፤ ሳልጨርሰው እንዳልሄድ።»

በግቢያችን ከዚያ በፊት በዚያ ክረምት ሁለት ሰው በዚሁ ትኩሳት ሞቷል። ስለዚህ እንዳልሄድ ስትል የት እንደሆነ አልጠየቅሁም። ሮጥሁ።

ከሚሲዮኑ በር ሽማግሌው ዘበኛ «ዛሬ ቅዳሜ ነው እንዴ?» አለኝ።

«አያ፣ እናቴ ልትሞት ነው።»

አሳለፈኝ። አባ ከጓሮ ነበር። ቀሚሱን ከመታጠቂያው ሸጉጦ በአካፋ የጎርፍ መሄጃ ይቆፍራል፤ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ሁለት የቀን ሠራተኞች አብረውት አሉ። ፊቱን ሙሉውን ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር ማለት ይቻላል፤ ከመንበሩ ሲቀድስ ጀርባውን ነው የምናየው። ጎንበስ ብዬ ጉልበቱን ልስም ስል «ማን ነህ?» አለኝ።

የሰማሁትን አላመንሁም። «እኔ ነኝ» አልሁት።

«ማን?»

የልብስ አጣቢዋ ልጅ ነኝ ማለት ይበቃ ነበር። ያን ጊዜ ግን እንዲህ ማለት የመለመን ያህል ሆነብኝ። እኔ ለዚህ ሰው እንግዳ ነኝ እንዴ? ስለዚህ ማንነቴን በሚያውቀው ነገር ነገርሁት። «የአክስቷን ዶሮ እግር የሰበረችው» አልሁ። «ቀበሮ ነው ብላ የዋሸችው። በጾም ከጎረቤት ወተት የጠጣችው። በቅዳጅ ጨርቅ የተጣላችው፣ ስምንት የሰጡኝ።»

አንዱ ሠራተኛ አካፋውን ተደግፎ ሳቀ። «አንቺ ልጅ፣ ዶሮዋ ዳነች?» አለኝ።

አባ ከአንገቱ ጀምሮ ቀላ። እጁን አነሳ። «ዝም በል። ዝም። እኔ ምንም አላውቅም።»

«ያውቃሉ።»

«አልሰማሁም። አላውቅህም።»

«ይኸው ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰምተውኛል። አሁን ይክዱኛል?»

አስተማሪው ድምፄን ሰምቶ ከመማሪያው ቤት ወጣ። ክንዴን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ያስደነገጠኝም እሱ ነው። «ስሚ» አለኝ። «እዚያ የተነገረውን ከዚያ ውጭ አያውቀውም። ቢያውቀውም አያውቀውም። ሕጉ ነው። አንገቱ ላይ ካራ ቢያኖሩበት አውቃታለሁ አይልም።»

«ታዲያ ለምን ነገርሁት?»

«ለእግዚአብሔር ነው የነገርሽው።»

«እግዚአብሔርማ ከቤቴ ሆኜ ይሰማኝ የለ? እኔ ተንበርክኬ ጉልበቴ የተላጠው ሰው እንዲያውቀኝ ነው። የሚያውቀኝ ሰው እናቴ ስትታመም እንዲመጣ ነው።»

ወደ አባ ሄዶ በጣሊያንኛ ተነጋገሩ። ተመልሶ፣ «ዛሬ ከወታደሮቹ ሆስፒታል የሚጠብቁት ሰዎች አሉ፤ ነገ ይመጣል። እሱ ባይመቸው ሌላ አባት ይመጣል» አለኝ።

«ሌላ?»

«ሁሉም አንድ ናቸው። ሥልጣናቸው አንድ ነው።»

«የነፍስ አባት ይዋሳል እንዴ?» አልሁት። መልሱን ሳልጠብቅ ወጣሁ።

ቤት አልተመለስሁም። ንዴቴ እግሬን ወደ አንገረብ መራው። ወንዙ ደፍርሶ ከፍ ብሎ ነበር፤ ሰዎች በሚሻገሩበት እስከ ወገቤ ገብቼ ተሻገርሁ። ሽማግሌው ቄስ ከደጃፋቸው ተቀምጠው ዳዊታቸውን ይደግማሉ። ውሃው ከቀሚሴ እየተንጠባጠበ ቆምሁ። ቀና ብለው አዩኝና የአባቴን ስም ጠርተው «የሱ ልጅ አይደለሽም?» አሉኝ። ካቶሊክ ከሆንን ወዲህ በዓል ሲመጡ ስለምሸሻቸው ከዓመት በላይ አይተውኝ አያውቁም። ያን ጊዜ ነው ያለቀስሁት።

«እናቴ ታማለች፤ ይምጡልን» አልሁ።

«እናትሽ እኔን ትታኝ ሄዳለች።»

«አዎ።»

«እኔ ግን አልተውኋትም። ነገ ጧት ውሃው ጎደል ሲል እመጣለሁ።»

ስመለስ መንገዱን ሁሉ ደስ እያለኝ ሄድሁ። ያወቀኝ ሰው አግኝቻለሁ። ለእናቴ ግን አልነገርኋትም፤ «አባ ነገ ይመጣል» ብቻ አልኋት። ይህም ውሸት አልነበረም።

በማግሥቱ ሽማግሌው ዣንጥላቸውን ይዘው መጡ። አክስቴ ደስታዋ ሌላ ነበር፤ እግራቸውን ራሷ አጠበች። «አሁን እንደ ሰው ልትሞት ነው» አለች፤ እናቴ እየሰማች። እሳቸው ከራስጌዋ ቀርበው መስቀላቸውን አወጡ። እናቴ ዓይኗን ገልጣ አየቻቸው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ያን አስተያየት ከጥፊ አልለየውም።

መስቀሉን ተሳለመች። «አባ፣ ይባርኩኝ። ለርስዎ ግን የምናገረው የለኝም» አለች።

«ምነው ልጄ? ምን በደልሁሽ?»

«አልበደሉኝም። ያውቁኛል።»

እሳቸው ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሱ። ከዚያ ወጥተው ከደጃፉ፣ ከክዳኑ ሥር ተቀመጡ። እኔ ከአልጋዋ ሥር ቁጭ አልሁ። «እማ፣ ያኛው እኮ ካደኝ» አልኋት። «አላውቅሽም አለኝ። ሁሉን ነግሬው አላውቅሽም አለኝ።»

«አውቃለሁ» አለች። ቃሉን እያረፈች ነው የምትናገረው። «እኔንም አያውቀኝም። የሚታጠበውን ልብስ ሊሰጠኝ ሲመጣ ዓይኑን አያለሁ። ምንም የለበትም። እዚያ የነገርሁትን እዚያ ትቶት ነው የሚመጣ። እኒህ ግን» አለችና ወደ ደጅ አገጯን ሰበቀች፣ «ቢነግሯትም ባይነግሯትም ከአክስትሽ ጋር ቁጭ ብለው ሲበሉ ዓይናቸውን አያለሁ። ለባሌ ለቅሶ በተቀመጡበት ቤት ውስጥ ያ ነገር አይነገርም። እኔ እኮ የወደድሁት አለማወቁን ነው።»

ያ ነገር ምን እንደሆነ ልጠይቃት አፌን ስከፍት ውጭ ድምፅ ሰማሁ። አባ ነበር፣ ራሱ። አስተማሪው አብሮት አለ። ከሚሲዮኑ እስከኛ ሰፈር ማኪና ስለማይገባ በእግር መጥተው ሁለቱም ጭቃ ሆነዋል። አባ ለሽማግሌው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ፤ እሳቸው መስቀላቸውን ወደ ጉያቸው ሰበሰቡት። ከዚያ እኔን አየኝ። የትናንቱም ነገር እንዳልነበረ ሁሉ «የታመመው እዚህ ነው?» አለኝ። በንዴት ጥርሴን ነከስሁ፤ በሩን ግን ለቀቅሁለት።

ሁላችንም ወጣን። በሩ ተዘጋ። አስተማሪው ከአጥሩ በር ቆመ። እኔ ዘወር ስል አክስቴ የለችም። ወደ ቤቷ ገባሁ፤ ክፍላችንን ከእሷ ቤት ከሚለየው ግድግዳ ላይ ጆሮዋን አስደግፋ ቆማለች። ግድግዳው ጭቃ ነው፤ በብዙ ቦታ ተሰነጣጥቋል። የእናቴ ድምፅ እንደ ንብ ይሰማል። ጥቂት ብጠጋ እኔም ቃሉን እለየው ነበር። ያንን ነገር ከማንም ይልቅ ማወቅ የሚገባኝ እኔ ነኝ ብዬ አስብ ነበር፤ አሁንም አስባለሁ።

አክስቴን በነጠላዋ ጎትቼ አላቀቅኋት። «ምን ታደርጊያለሽ? አይሰማም» አልኋት።

«በገዛ ቤቴ ግድግዳ?» አለችኝና በክርኗ ገፋችኝ። ተመልሳ ተጠጋች። በጉልበት አልችላትም። ስለዚህ ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ የማውቀውን ነገር ከፍ ባለ ድምፅ መድገም ጀመርሁ። አባታችን ሆይ በሰማያት የምትኖር። ሲያልቅ እንደ ገና ከመጀመሪያው። አክስቴ አፌን በእጇ ልትይዝ ስትታገለኝ ሽማግሌው ቄስ ከደጅ ብቅ አሉ። እሷን አዩ፣ ግድግዳውን አዩ፣ እኔን አዩ። ነገሩ ገባቸው። ይቆጡልኛል ብላ አክስቴ «አባ፣ ይዩልኝ ይህችን» አለች።

«አንቺ ውጪ» አሏት። ለእኔም፣ «ጮክ በዪ፤ አሁንም ይሰማል» አሉኝ። ከዚያ ራሳቸው አብረውኝ ደገሙ፤ እኔ በአማርኛ፣ እሳቸው በግዕዝ፣ አንዳችን ከሌላችን ጋር ሳንገጥም። ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ጮህሁ። የወዲያው በር ሲከፈት እሳቸው አቋርጠው ዣንጥላቸውን አነሱ፤ ወደ እናቴ ሳይገቡ፣ ፈረንጁንም ሳያዩ ወንዙ ሳይሞላ ልሂድ ብለው ሄዱ። ከዚያ በኋላ በዓል ሲሆን ወደ አክስቴ ይመጡ ነበር፤ በክፍላችን በኩል ሲያልፉ ድምፃቸውን ሰጥተው ያልፋሉ እንጂ አይገቡም።

አባ ዘይት የነካው ጣቱን በመሐረቡ እየጠረገ ወጣ። ዓይኑን አየሁት፣ እናቴ እንዳለችው። ምንም የለበትም።

እናቴ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተነስታ ወደ ማጠቢያው ገንዳ ተመለሰች። ብዙ ዓመት ኖረች፤ ጣሊያን ወጣ፣ እኔ ተዳርሁ፣ ልጆቼን አሳደገችልኝ። ስንት ጊዜ ጠየቅኋት። «ነገርሁት፤ አለቀ» ከማለት በቀር ቃል አልወጣትም። ግድግዳውን የጠበቅሁት እኔ፣ ጉሮሮዬን የጨረስሁት እኔ፣ ምንም ያልቀረልኝም እኔ። ትክክል አይደለም እላለሁ፤ ሰው ቢስማማም ባይስማማም።

ያኔ ግን ቅዳሜ ሲደርስ ሄጄ ተሰለፍሁ። እግሬ ለምዷል፣ ማን ያስቀረዋል። ተራዬ ደርሶ ተንበርክኬ አክስቴን መጎተቴን ነገርሁት፣ መሳደቤን ነገርሁት። በእሱ መናደዴን አልነገርሁትም። ያንን እንኳ ሳይነገረው ሊያውቀው ይገባ ነበር።